የመሳፍንት ክፍል

ጌጤ ልጇን «ክፍሉ ተይዟል» ስትል ከጓሮ ሆና ሰማቻት። መቅደስ የቆርቆሮውን በር ገርበብ አድርጋ፣ መዝጊያውን በአንድ እጇ ጨብጣ ደጅ ከቆመ ሰው ጋር ነበር የምትነጋገረው። ድምጿም ቤት ፈላጊን በይቅርታ የሚመልስ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ከደጃፉ ውሻ የሚያባርር ሰው ድምፅ እንጂ። ጌጤ አንሶላ እያሰጣች ነበርና እርጥቡን ጨርቅ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ቆመች። ክፍሉ አልተያዘም። ትናንት ሊሾውን በሳሙና አጥባ፣ መስኮቱን ወልውላ፣ ግድግዳው ላይ የቀሩትን ምስማሮች በጉጠት የነቀለችው ራሷ ናት። ዛሬም ገና ፀሐይ ሳትበረታ ለደላላው ለሳሊም ደውላ «ባዶ ነው፣ ሰው ካለ አምጣ» ብላዋለች።

ወደ በሩ ስትደርስ መቅደስ ዘግታ ዞራ ነበር። ጌጤ ልጇን ገለል አድርጋ መልሳ ከፈተችው። ወደ አስፋልቱ በሚወጣው የኮብልስቶን መንገድ ላይ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግታ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ከፊቷ ባጃጅ ሲመጣባት ወደ ጥግ ለመውጣት ዞር አለች፣ ፊቷም ታየ። ጌጤ አወቀቻት። ከዚያ በኋላ በሩን ራሷ ነች የዘጋችው፤ ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጋ።

«አየሻት?» አለች መቅደስ።

«አየኋት» አለችና ወደ አንሶላዋ ተመለሰች።

ሴትዮዋ ማህደር ትባላለች፤ ከመሐል ሜዳ ወደ ሸዋ ሮቢት ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። በጌጤ ቤት ግን ስሟ ከተጠራ ዓመት አልፎታል፤ «ያቺ ሴት» ነው የምትባለው። አምና በኅዳር የጌጤ የበኩር ልጅ መሳፍንት ሚኒባስ ይዞ ከደብረ ሲና ሲወርድ ጋቢና ከጎኑ የተቀመጠችው እሷ ነበረች። ከተማው መግቢያ ላይ አህያ እየነዳ መንገድ የሚሻገር ገበሬ ገጨ፤ ሰውየው እዚያው ሞተ። ከኋላ የነበሩት ተሳፋሪዎች አላየንም አሉ። ፍርድ ቤት ቆማ «ስልክ እያወራ ነበር፤ ተው ብየዋለሁ» ብላ የመሰከረችው እሷ ብቻ ናት። ከችሎቱ በፊት ጌጤ ሽማግሌ ልካባት ነበር፣ አንቺም አላየሁም በይ ብላ። ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ተመለሱ። መሳፍንት ተፈረደበትና ማረሚያ ቤት ገባ። ባዶ የሆነው ክፍል የእሱ ነው። ይግባኙ እስኪወድቅ ድረስ አልጋው እንደተነጠፈ ተዘግቶ ከረመ፤ የእሁድ ስንቁና ትራንስፖርቱ እየከበደ ሲሄድ ግን ጌጤ አልጋውን አስወጥታ፣ ልብሱን በሻንጣ አድርጋ ወደ ዋናው ቤት አስገባችው። መቅደስ ያን ዕለት እህል አልቀመሰችም።

የጌጤን የአከራይነት ሕግ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ዋጋ አንድ ጊዜ ትናገራለች፤ ለነጋዴውም ለአስተማሪውም ያው ነው። መታወቂያ አይታ ቀድሞ ለመጣው ትሰጣለች። ባልሽ የታለ፣ አገርህ የት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ነው መስጊድ የምትሄደው ብላ አትጠይቅም። በውሉ ዓመት መካከል አትጨምርም። ደላሎቹ ይስቁባታል፤ ሳሊም እንዲያውም «የእትዬ ጌጤ ቤት ዳቦ ቤት ነው፣ ሰልፍ ይዞ ነው የሚገባው» ይላል። እሷ ግን ከቀወት ገጠር ተነሥታ ከባሏ ጋር ወደዚህ ከተማ ስትመጣ፣ በመስኮት ባዶነቱ እየታየ «ተይዟል» የተባለችበትን ክፍል አልረሳችውም። ይህ ሕግ ኩራቷ ነበር። ለቅሶ ቤት እንኳ ይነሣላት ነበር።

አሁን አንሶላውን ገመድ ላይ እየዘረጋች ሳለ ደረቷ ውስጥ የተሰማት ነገር ንዴት አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። የዋሸችው እሷ አይደለችም፤ ልጇ ናት። ማህደርን የመለሳት እሷ አይደለችም፤ ልጇ ናት። ጥቅሙ ግን የእሷ ነው። ሌላ ሰው እስከ ምሳ ይገባል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። እንዲህ እያሰበች ቀና ስትል፣ በጓሮው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብላ የልጆቿን ልብስ የምታጥበው ተከራይዋ ዙሀራ ዓይኗን ቶሎ መለሰች። ሁሉን ሰምታለች።

ሳሊም ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ሰው አስከትሎ መጣ። ሰውየው ሀብታሙ ይባላል፤ ለአንድ የአዳማ ነጋዴ ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ የሚሰበስብ ወኪል ነው። ወፍራም፣ በሙቀቱ የተማረረ፣ መሐረቡን ከአንገቱ የማያነሣ ሰው። ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ኮርኒሱን በጣቱ ቆረቆረ፣ መስኮቱን ከፍቶ ዘጋ፣ የንፋሱን አቅጣጫ ጠየቀ። ጌጤ ዋጋውን ነገረችው፤ በወር ሦስት ሺህ፣ የአንድ ወር ቅድመ ክፍያ። ሰውየው ወደ ሳሊም ዞሮ ፈገግ አለ። አራት ሺህ እንደሚከፍል፣ ያውም የዓመቱን ዛሬውኑ፣ ወረቀት የሚባል ነገር ግን እንደማይፈልግ ተናገረ። ከዚያም በመስኮቱ በኩል የዙሀራን በር አየና ከመስከረም ወዲያ ለጆንያ ማስቀመጫ ከጎን ያለው ክፍልም ቢለቀቅለት ደግ እንደሆነ ጨመረ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም። የቧንቧው ውሃ ከሞላው ባልዲ ላይ እየፈሰሰ ነበር፤ ዙሀራ አልዘጋችውም።

«ታዲያ ከኔ በፊት የጠየቀዎት የለም አይደል?» አለ ሀብታሙ። «ቀድሞ የመጣ ነው የሚወስደው ሲባል ሰምቼ በጠዋት ልነሣ ነበር። በኋላ ሰው መጥቶ ነገር እንዳይነሣብኝ።»

ጌጤ አፏን ከፈተች። «የለም» ማለት ቀላል ቃል ነው። ሁለቱ ወንዶች ይጠብቃሉ፤ መቅደስ በዋናው ቤት በረንዳ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ዙሀራ ጀርባዋን ሰጥታ ትጠብቃለች። ጌጤ ግን አላለችውም። «ከሰዓት ተመለሱ» አለች። «የማጣራው ነገር አለኝ።»

«ምኑን ነው የሚያጣሩት እትዬ?» አለ ሳሊም። «ባዶ ክፍል ምን ይጣራል?»

«ከሰዓት አልኩህ!»

ሲወጡ ሳሊም በሩን ወርውሮ ዘጋው። ያን ጊዜ ዙሀራ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣችና ከጌጤ ራቅ ብላ ቆመች። ባሏ ማሕሙድ አስፋልቱ ላይ ጎማ ይጠግናል፤ ልጆች አሏቸው፤ እዚህ ግቢ ከገቡ ወዲህ ከጌጤ ጋር ክፉ ደግ ተነጋግረው አያውቁም። «እትዬ» አለች ዙሀራ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «እኔ ጠዋት ምንም አልሰማሁም። ቢጠይቁኝም አልሰማሁም ነው የምለው።» ይህን ብላ ወደ ባልዲዋ ተመለሰች። ጌጤ ባለችበት ቀረች። ዙሀራ ለእሷ አዝና ይሁን ለገዛ ክፍሏ ፈርታ አላወቀችም። ያወቀችው አንድ ነገር ነው፤ ይህች ሴት ለጌጤ ስትል ልትዋሽ ተዘጋጅታለች፣ ጌጤም ሳትጠይቃት። 

ለምሳ የሟች ባሏ ወንድም ጌታሰው መጣ። መቅደስ ደውላ እንደጠራችው ከአገባቡ ያስታውቃል፤ ሰላምታ አልሰጠም፣ ኮፍያውን አላወለቀም። የጌጤ ሳሎን ጠባብ ነው፤ ሁለት ሶፋ፣ የማይሠራ ፍሪጅ፣ በግድግዳው በኩል ተጣጥፎ የቆመ የመሳፍንት አልጋ። ጌታሰው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠ። መቅደስ ሽሮውን አቀረበች፤ ሦስቱም ከአንድ ትሪ መቁረስ ጀመሩ። ቬንትሌተሩ ራሱን እያዞረ ተራ በተራ ይነፍስባቸዋል፣ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል። ጌታሰው የመጨረሻውን ጉርሻ ውጦ እጁን ሳይታጠብ ጀመረ።

«ሰውየው የዓመቱን ይከፍላል አሉ። ምን ያስጠብቅሻል?»

«የሚጣራ ነገር አለ።»

«የሚጣራው ያቺ ሴት ናት?» አለ ጌታሰው። «ጌጤ፣ እኔ ወንድሜን የቀበርኩት ከዚህ ግቢ አስነሥቼ ነው። ልጁን ያሳሰረች ሴት ልጁ የተኛበት ክፍል ከገባች፣ እኔ እዚህ ቤት እግሬን አላስገባም። ብትሞቺም አልመጣም።»

መቅደስ ትሪውን አነሣች። እናቷን ሳታይ፣ «እኔ ተይዟል ያልኳት ላንቺ ብዬ ነው» አለች። «አንቺ ማለት ያቃተሽን ነው ያልኩልሽ።»

 ልጇ ልክ ናት። ጠዋት በሩን ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጋ የዘጋችው ማን ሆነና። ጌጤ ተነሥታ ነጠላዋን ደረበች፣ የት እንደምትሄድም አልተናገረችም። ሊሆን የሚችለው ቀላሉ መንገድ በሐሳቧ እየተሳለላት ነበር። ማህደር ራሷ «አልፈልግም» ብትል ነገሩ ሁሉ ያበቃል። የመሳፍንት ክፍል እንደሆነ ስትሰማ እንዴት እሺ ትላለች? ሰው ናት፣ ታፍራለች። አፍራም ትተዋለች። ያኔ ጌጤ አልዋሸችም፤ ሕጓንም አላፈረሰችም፤ ሀብታሙም ይገባል።

ባጃጅ ይዛ ወደ ወንዙ ማዶ ሰፈር ሄደች። ቤቱን ታውቀዋለች፤ ሽማግሌዎቹን እስከ በሩ ያደረሰቻቸው ራሷ ነበረች። ከባጃጁ ወርዳ ወደ ግቢው ስትዘልቅ ግን ቆም አለች። ፍራሽ፣ ሲሊንደር፣ የሕፃን ማጠቢያ ሳፋ፣ በካርቶን የታጨቀ ሳህንና ብርጭቆ ፀሐይ ላይ ተደርድሯል። በክፍሉ በር ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ማህደር ከአንድ የኒም ዛፍ ሥር ዕቃ ላይ ተቀምጣ ልጇን ጡት ታጠባለች፤ ሕፃኗ በሙቀቱ ግንባሯ ሽፍ ብሎባታል። አከራይዋ ብርሃኑ ከበረንዳው ተነሥቶ ጌጤን ሲያይ ፊቱ በራ።

«እትዬ ጌጤ! መጥተው አዩልኝ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይኸው አስወጣኋት። ውል የላት፣ ምን ትላለች። የተሻለ የሚከፍል አገኘሁ፣ ያ አንድ ነገር ነው። ግን ለርስዎም ብዬ ነው። የልጅዎን ነገር እያሰብኩ እኔም ያንገበግበኝ ነበር። እግዜር ለሁሉም የእጁን ይሰጠዋል።» ከዚያም ሳቀ፣ ጌጤም አብራው እንድትስቅ ጠበቀ።

ጌጤ አልሳቀችም። ዓመት ሙሉ ይህች ሴት እንዲህ እንድትሆን ተመኝታለች፤ በጸሎቷ መሐል እንኳ ተመኝታለች። አሁን ሲሆን አየችው። ደስታው አልመጣም፤ የታያት ይህ ሰው በእሷ ስም ኪሱን እየሞላ መሆኑ ነው።  ብርሃኑን ትታ ወደ ኒሙ ጥላ ሄደች። ማህደር አልተነሣችም። ጡቷን በነጠላዋ ሸፈነችና ቀና ብላ አየቻት። በዓይኗ ውስጥ ልመና የሚባል ነገር አልነበረም።

«ሌላ ቤት ጠፍቶ ነው እኔ ዘንድ የመጣሽው?» አለች ጌጤ።

«አዎን፣ ጠፍቶ ነው። ግማሹ ባል የለሽም አለኝ፣ ግማሹ ሕፃን ያለቅሳል አለኝ፣ ግማሹ ደግሞ የርስዎ ዘመድ ነው። አንቱ ግን ቀድሞ ለመጣ ነው የሚሰጡት ሲባል ሰማሁ። ውሸት ይሆናል ብዬ ነበር፣ ጠዋት ደግሞ ውሸት እንደሆነ አየሁ።»

ጌጤ ቃሉ እንደ ጥፊ አረፈባት። ያሰበችበትን ነገር አወጣች። «ክፍሉ የማን እንደሆነ ብታውቂ አትመጪም ነበር። የመሳፍንት ነው። እሱ የተኛበት ነው።»

 ማህደር ሕፃኗን ከአንድ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረች። ጌጤ «አለቀ፣ ትተዋለች» ብላ ጠበቀች።

«ዛሬ ማታ ልጄን የማስተኛበት የለኝም» አለች ማህደር። «የማንም ይሁን። ይቅርታ አድርጉልኝ ልል አልመጣሁም፤ ያየሁትን ነው የተናገርኩት። የሞተውም ሰው ልጆች አሉት። ሽማግሌ ልከው ዋሺ ያሉኝ አንቱ ነዎት።» ከዚያ ቀጥ ብላ ተመለከተቻት። «አሁን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ከልጅዎ አልሰማም፣ ከራስዎ አፍ ነው የምፈልገው። ክፍሉ ተይዟል?»

ብርሃኑ ከበረንዳው ጆሮውን አቁሟል። ጌጤ ይህችን ሴት ጠላቻት፤ ከአምናው ይልቅ ዛሬ ጠላቻት፣ ምክንያቱም መውጫ አላስቀረችላትም። «ተይዟል» ብትላት ማህደር ውሸት መሆኑን ታውቃለች፣ ጌጤም ታውቃለች፣ ነገ ጠዋት መስተዋት ፊት ስትቆምም ከብርሃኑ ጋር አንድ ሆና ነው የምትቆመው።

«አልተያዘም» አለች። «ሦስት ሺህ ነው። ለሌላው የምለውን ነው የምልሽ።»

«ውል እፈልጋለሁ።»

«ውል ሳልጽፍ አከራይቼ አላውቅም።»

«ዛሬ። ዕቃዬ ከመጫኑ በፊት። ዛሬ አስገብተው ነገ እንዳያስወጡኝ።»

አስፋልቱ ዳር ካሉት ሱቆች በአንዱ ጸደንያ የምትባል ልጅ ማመልከቻና ውል በኮምፒውተር ትጽፋለች። ሱቋ ከአንድ ጠረጴዛና ከሁለት የፕላስቲክ ወንበር የበለጠ አይዝም። ሁለቱ ሴቶች ወንበሮቹን በተቻለ መጠን አራርቀው ተቀመጡ። ጸደንያ የማንን ነገር እንደምትጽፍ ስታውቅ ጣቶቿ ተደናገሩ፤ ከተማው ታሪኩን ያውቀዋል። ዋጋው ተጻፈ። ዓመቱ እስኪያልቅ ጭማሪ እንደማይኖር ተጻፈ። መልቀቅ የፈለገ ሁለት ወር አስቀድሞ እንዲናገር ተጻፈ። የውሃና የመብራቱ ሒሳብ በክፍል ቁጥር እንዲካፈል ተጻፈ። ከዚያ ጌጤ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ተከራይዋ ከመሸ በኋላ እንግዳ እንዳታስገባ ይጻፍ አለች።

«ለሌሎቹ ተከራዮች ተጽፏል?» አለች ማህደር።

 የዙሀራ ወንድሞች ከከሚሴ ሲመጡ አምሽተው ገብተው ያድራሉ፣ ጌጤም ምንም ብላ አታውቅም። «አልተጻፈም» አለች በመጨረሻ። «ይሰረዝ።»

ጸደንያ ሰረዘችው። አሁን ማህደር ተራዋን ጀመረች። አከራይዋ በድሮ ነገር ምክንያት እንዳታስወጣት፣ እንዳትረብሻትም ይጻፍ አለች። ጸደንያ በድንጋጤ ሁለቱን አየቻቸው። እንዲህ ያለ ነገር ውል ላይ ጽፋ እንደማታውቅ ተናገረችና፣ «ከዚህ ቀደም በነበረ ቅሬታ ምክንያት ብዬ ላድርገው?» አለች።

«ቅሬታ አይደለም» አለች ጌጤ። «ቂም ነው። ቂም ብለሽ ጻፊው።»

ማህደር ሱቁ ከገቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ እሷ መለሰች። ማተሚያው ሲጮኽ ሁለቱም ግድግዳውን ያያሉ። ለምስክርነት ማሕሙድ ከጎማ ጥገናው ተጠራ፤ እጁ ጥቁር ዘይት ስለሆነ ወረቀቱን በጥንቃቄ ይዞ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ «ቂም» የሚለው ቃል ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ ጌጤን አያት፣ «ቢስሚላህ» ብሎም ፈረመ። ሁለተኛዋ ምስክር ዙሀራ ነበረች። ባሏ ደውሎላት ልጆቿን ለጎረቤት ጥላ፣ መታወቂያዋን በጡት መያዣዋ ይዛ መጣች። እስክሪብቶውን ከማንሣቷ በፊት ወደ ጌጤ ጎንበስ ብላ፣ «እትዬ፣ የኛም ውል በመስከረም ያልቃል» አለች በለሆሳስ። ጌጤ ገባት። «ታድሺዋለሽ» አለቻት። «ጆንያ የሚያስቀምጥ ሌላ ቤት ይፈልግ።»

ወደ ግቢው ስትመለስ ሳሊምና ሀብታሙ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ሀብታሙ ክፍሉ ለሌላ መሰጠቱን ሰምቶ መሐረቡን አንገቱ ላይ እያሸ ባጃጅ ውስጥ ገባ። ሳሊም ግን ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሰው እንኳ ወደዚህ ቤት እንደማያመጣ፣ ሌሎቹም ደላሎች እንደማያመጡ፣ የመሳፍንት እናት ልጇን ዳግመኛ እንዳሰረችው ለከተማው እንደሚያወራ አፉ እስኪዝል ተናገረ። ሰዎች ከየሱቁ ብቅ ብቅ አሉ። ጌጤ እስኪጨርስ ቆማ ሰማችው። ሲጨርስ አልፋው ገባች።

ማህደር ዕቃዋን በጋሪ አስጭና ስትመጣ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ማንም አልረዳትም። ጌጤ ቁልፉን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችላት እንጂ በእጇ አልሰጠቻትም። መቅደስ በረንዳው ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ወደ ወንድሟ ክፍል ሲገባ ትቆጥር ይመስል በዓይኗ ትከተላለች። ፍራሹ ገባ፣ ሲሊንደሩ ገባ፣ የሕፃኗ ሳፋ ገባ። ዙሀራ አንድ ካርቶን ልታነሣ እጇን ዘርግታ የመቅደስን ፊት ስታይ መለሰችው። ጌታሰው ሦስቴ ደወለ፤ ጌጤ ስልኩን ሶፋው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው።

መሸትሸት ሲል የማህደር ክፍል መብራት ጠፋ። የሌሎቹ ሁሉ በርቷል፤ የእሷ ብቻ ነው የጠፋው። ሕፃኗን የምታራግብበት ትንሽ ቬንትሌተር ድምፁ ቆመ፣ ቀጥሎ ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። ጌጤ ከሳሎኑ ወጣች። የየክፍሉን መብራት የሚያጠፋና የሚያበራ ብሬከር ያለበት ሳጥን በረንዳው ግድግዳ ላይ ነው፤ መቅደስ ጀርባዋን ለሳጥኑ ሰጥታ ቆማለች።

«ገለል በይ» አለች ጌጤ።

«አልልም። ትውጣ። ዛሬ በራሷ እግር ትውጣ። ወንድሜ በዚህ ሙቀት ከስንት ሰው ጋር ታጭቆ እንደሚያድር አታውቂም?»

«አውቃለሁ። ስንቁን የምወስድለት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ!» አለች መቅደስ፣ እንባዋ መጣ። «ታዲያ እንዴት?»

 ጌጤ ልጇን በትከሻዋ ይዛ ወደ ጎን አደረገቻትና ብሬከሩን መለሰችው። ባዶውን ግድግዳ የሚያበራው አምፖል በመስኮቱ በኩል ታየ፣ ቬንትሌተሩም ተነሣ። ማህደር ሕፃኗን ታቅፋ በሯ ላይ ብቅ አለች። ማን እንዳጠፋው፣ ማንስ እንዳበራው ገብቷታል።

«አመሰግናለሁ እትዬ ጌጤ።»

«አታመስግኚኝ። የከፈልሽበት ነው።» ጌጤ ልትመለስ ብላ ቆመች። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ውሃ አልዘጋብሽም፣ መብራት አላጠፋብሽም፣ ማንም እንዲያጠፋ አልፈቅድም። ግን እኔን ጎረቤት ብለሽ እንዳትቆጥሪኝ። ሰላም አልልሽም።»

«እኔም ሽማግሌ የላኩብኝን ቀን አልረሳሁትም» አለች ማህደር።

«አትርሺው።»

በሩ ተዘጋ። ጌጤ ወደ ሳሎኑ ገባች። መቅደስ ፊቷን ታጥባ የመሳፍንት አልጋ ተጣጥፎ በቆመበት ግድግዳ ሥር ፍራሿን ዘርግታ ነበር።  ከወዲያ የሕፃኗ ለቅሶ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ጌጤ መተኛት አስባ ነጠላዋን ስታጣጥፍ መቅደስ ከፍራሿ ላይ ሆና ተናገረች።

«እሁድ ስትሄጂ ለመሳፍንት ምን ትይዋለሽ?»

«ክፍሉ ተከራየ እለዋለሁ።»

«ለማን ሲልሽስ?»

ጌጤ ነጠላውን ሶፋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው።  «ለማህደር፣ ለነርሷ እለዋለሁ።»

መቅደስ ወደ እናቷ አፍጥጣ ቆየችና ጀርባዋን ሰጥታ ተኛች። ጌጤም ከእሷ ሌላ መልስ አልጠበቀችም። እሁድ በብረቱ አጥር በኩል የምታገኘው ከዚህ የከፋ እንደሚሆን ታውቀዋለች፤ መሳፍንት ስንቁን ሳይነካ ወደ ውስጥ ሊመለስም ይችላል። ቢሆንም ትሄዳለች፣ ትነግረዋለችም።